ቀለብና ቀለበት

ሂርማታ ገበያ፣ ከመጋዘን በራፍ፣
ሥራዬ መመዘን፣ ሥራዬ መጻፍ።
ስልሳ ኪሎ ኬሻ፣ አንዲት ግራም ሳትጎድል፣
አሥራ ሰባት ዓመት፣ ሳልሰርቅ፣ ሳልበድል።

አንድ ማታ ግን፣ ተሸካሚው ወደየቤቱ ሲሄድ፣
ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፣ ብቻዬን፣ እንደ ጉድ።
መቶ አርባ ስድስት።
ሁለት ኬሻ ቡና፣ ከዚያም ሌላ ትርፍ፤
ለዚህ ደረሰኝ የለም፣ የት ብዬ ልጻፍ?

የጋብቻ ቀለበቴን አንጥረኛ ነው የቆረጠው፣
ጣቴ እንደ ሙዝ ወፍሮ ወርቁን ስለዋጠው።
ሙንተሃ ቁራጩን በመሀረብ ቋጥራ
ሣጥን ውስጥ አኖረችው፣ ከልጃችን የወተት ጥርስ ጋራ።
ደግሞ ያ በርጩማ፣ ያ ሦስት እግር ያለው፣
አባቷ ከአንድ ግንድ ፈልፍለው የሠሩት፣
ከሥሬ ተሰንጥቆ ሁለት ሲሆን ሰርግ ቤት፣
ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁበት።

ከዚያ አዲስ አበባ። ሆዴ ላይ አምስት ቀዳዳ፣
የተሸጠ የባሕር ዛፍ፣ ያላለቀ የዕቁብ ዕዳ።
ሌላ ቀለበት አጠለቁልኝ፣ በጨጓራዬ አንገት፣
በሯ ከቆዳዬ ሥር፣ በመርፌ የምትከፈት።
ውሃ ሲጨምሩባት ትጠባለች፣
ሲቀንሱላት ትላላለች።
«በር ናት እንጂ ዘበኛ አይደለችም» አለች ሲስተር ጽጌማርያም፣
«ዘበኛው አንተ ነህ።»
አንገቴን ነቀነቅሁ። አልሰማሁም።

አንዱን ጉርሻ ሃያ ጊዜ አኝካለሁ፣
ሰው እጁን ሲታጠብ እኔ ገና እጀምራለሁ።
ዳቦ አይታሰብም። ሥጋ፣ ከቸኮልኩ፣
ደረቴ ላይ ቆሞ፣ ምራቄ እየሞላ፣
ወደ ጓሮ እሮጣለሁ፣ እንግዳ ሳይበላ።
አማቴ እጃቸውን ዘርግተው «በሞቴ» ሲሉ፣
«አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል» ሲሉ፣
እኔ ግን ያቺን አንዷን እንኳ መቀበል አቅቶኝ፣
ሦስት ወር አኮረፉኝ።

በመጀመሪያው ዓመት ሠላሳ ስምንት ኪሎ ወረደ።
ሰፈሩ የሰፋ ሱሪዬን አይቶ፣ «ታሟል» ብሎ ፈረደ፤
አንዱማ ከቤቴ ደጅ ቆሞ ፈጣሪ ይማርህ አለኝ፣
አሜን አልኩት፣ ምን ይሻለኝ?

ከዚያ ማር። የጌራ ጫካ ማር፣ ነጩ፣
ብርዝ ሆኖ ሲመጣ...
ቀለበት አያስቆመው፣ በር አያንኳኳም፣
ሹልክ ብሎ ያልፋል፣ ማኘክም አያሻም።
ከመጋዘኑ ጀርባ ቆሜ፣ ሌባ መስዬ፣
ጠጣሁት፣ ጠጣሁት፣ «ምግብ አይደለም» ብዬ።
በሰው ኬሻ አሥራ ሰባት ዓመት ያልዋሸሁት ሰውዬ፣
ሚዛን ላይ ስወጣ አንድ እጄን
ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ቁጥሩን አቃልዬ!

ሙንተሃ ምሳ ዕቃ ይዛ ከበሩ ቆማ አየችኝ። አልተቆጣችም።
«እጅህን አንሳ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።
አነሣሁት።
ዘጠኝ ኪሎ ተመልሷል።

አሁን ጎህ ሳይቀድ ጂሬን ድረስ እወጣለሁ፣
ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋልኝ በእጄ እሸኘዋለሁ።
የተንጠለጠለው ቆዳዬ፣ እንደ ባዶ ኬሻ፣
ከሸሚዜ ሥር ይወዛወዛል፤ ይህንንስ ማን አሻ?
ጅማ ሲዘንብ ይርበኛል። ጅማ ደግሞ መቼ ታባራለች?
እጠይቃለሁ፦ ሆዴ ነው? ሰዓቱ ነው? ወይስ ጣሪያው ላይ
የሚንደቀደቀው ዝናብ?
አንዳንዴ መልሱን አውቀዋለሁ።
አንዳንዴ አውቄም እበላለሁ።

ባለፈው ሙንተሃ ያንን ሣጥን ከፈተች፣
ቁራጩን ወርቅ ወስዳ አስበየደች።
ጣቴ ላይ ስታጠልቀው ሰፍቶ ወለቀ፣
ተንከባሎ ሄዶ ከአልጋው ሥር ተደበቀ።
ተንበርክኬ ፈለግሁት። ተንበርክኬ! እኔ!
እዚያው ወለሉ ላይ ትንሽ ቆየሁ፣
አቧራውን እያየሁ።

ክር ጠመጠመችበት፣ የኬሻ መስፊያ ክር፣
ስከሳ ልትጨምር፣ ስወፍር ልትቀንስ፣ ያለ ብዙ ነገር።
አንዱ ቀለበት በመርፌ፣ አንዱ ቀለበት በክር፤
ቀለቤ በሁለቱ መሃል፣ ገና ያልተዘጋ ክርክር።

ነገ ሐሙስ ነው። ነገ እመዘናለሁ፣
እጄን ከግድግዳው አርቄ።